የግል አሠልጣኝ ለማን ይበጃል? በኩዌት የሚኖር ሠራተኛ ዲናሩን ከመክፈሉ በፊት

በኩዌት ከተማና በዙሪያዋ ባሉት ሰፈሮች፣ ከሳልሚያና ከሐወሊ እስከ ፈርዋኒያና ፋሐሂል ድረስ፣ የስፖርት ማዘውተሪያ ሰሌዳ ለዓይን እንግዳ አይደለም። ከሰሌዳዎቹ ባልተናነሰ ደግሞ በስልክ መስኮት ላይ የግል አሠልጣኞች ማስታወቂያ ይመላለሳል። የሚሰጠው ተስፋ ተመሳሳይ ነው፦ በጥቂት ወራት ውስጥ የሚጠፋ ቦርጭ፣ የሚጠነክር ጡንቻ፣ የሚታደስ ጤና። ቀደም ሲል ይህ ጉዳይ የባለጠጎች ብቻ ይመስል ነበር። ዛሬ ግን በሱቅ፣ በምግብ ቤት፣ በሾፌርነትና በቤት ውስጥ ሥራ የተሰማሩ ኢትዮጵያውያንም «አሠልጣኝ ልቅጠር ወይስ ይቅርብኝ?» እያሉ መጠየቅ ይዘዋል።

ጥያቄው ቀላል አይደለም። ለዚህ ሠራተኛ አንድ ዲናር ብዙ ስም አለው፤ የእናት መድኃኒት፣ የወንድም የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የተጀመረው ቤት ቆርቆሮ ነው። በሌላ በኩል ገንዘቡን ሁሉ የሚያመጣው ሰውነት ነው። ወገቡ የተጎዳ ሾፌር ወይም የደም ግፊቷ ከልክ ያለፈ የቤት ሠራተኛ ያለ ጤና ኮንትራት መጨረስ፣ ያለ ኮንትራትም ቤተሰብ መርዳት አይችሉም። ስለዚህ ለጤና የሚወጣ ገንዘብ ሁሉ ቅንጦት አይደለም፤ ለጤና ተብሎ የሚወጣ ገንዘብ ሁሉም ጤና አይገዛም። ለአብዛኛው ሠራተኛ የሚበጀው መንገድ ከሁለቱ ጫፎች መካከል ይገኛል፦ ወር ከወር የሚከፈለው አሠልጣኝ አያስፈልገውም፤ መሠረቱን የሚያስተምሩት ጥቂት ክፍለ ጊዜያት ግን ዋጋቸው ከሚከፈልባቸው ዲናር ይበልጣል። ከዚህ ውጭ የሆኑ፣ የባለሙያ ክትትል በእርግጥ የሚያስፈልጋቸው ሰዎችም አሉ።

ሥጋቱ ከየት መጣ?

የአገሪቱ የጤና አኃዝ አሳሳቢ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 በላንሴት ግሎባል ሄልዝ ባሳተሙትና 168 አገሮችን በሸፈነው ጥናት፣ በቂ የአካል እንቅስቃሴ የማያደርጉ አዋቂዎች ድርሻ ከፍተኛ ሆኖ የተገኘው በኩዌት ነበር፤ 67 በመቶ። ይህም ማለት ከሦስት ሰዎች ሁለቱ ማለት ነው። ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው አትላስ ደግሞ ኩዌት፣ የዕድሜ ልዩነት ተስተካክሎ ሲሰላ፣ ከአዋቂዎቿ 24.9 በመቶ ያህሉ ከስኳር በሽታ ጋር የሚኖሩባት አገር ሆና በዓለም የመጀመሪያዎቹ ረድፍ ላይ ተቀምጣለች። አገሪቱ ችግሩን ዐውቃ ዳስማን የስኳር በሽታ ኢንስቲትዩትን በመዲናዋ ያቋቋመችው በከንቱ አይደለም።

ለዚህ ብዙ ምክንያት አለ። ሐምሌ ላይ ከቤት ወጥቶ መራመድ ራሱ አደጋ ነው፤ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 21 ቀን 2016 በሰሜን ምዕራብ ኩዌት በምትገኘው ሚትሪባ የተመዘገበው ሙቀት ወደ 54 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተጠግቶ ነበር። መንገዱ ለመኪና የተሠራ፣ ቤቱ በኤሲ የቀዘቀዘ፣ ፎቁ በሊፍት የሚወጣ፣ ምሽቱ በሩዝና በጣፋጭ የሚያልፍ ነው። ከደሴ፣ ከከሚሴ፣ ከጅማ ወይም ከአዲስ አበባ መጥቶ ዳገት መውጣትና በእግር መሄድ የለመደ ሰው ከዚህ ኑሮ ጋር በጥቂት ዓመታት ይላመዳል። አመሉ ሲለወጥ ሰውነቱም አብሮ ይለወጣል።

«ሥራዬ ራሱ ስፖርት ነው»

ብዙ ሠራተኞች ለዚህ የተዘጋጀ መልስ አላቸው፦ ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚሠራ፣ ደረጃ የሚወጣና የሚወርድ፣ ዕቃ የሚያነሣ ሰው ምን ስፖርት ያስፈልገዋል? መልሱ ከላይ ሲታይ እውነት ይመስላል። የሥራ ድካምና የአካል ብቃት እንቅስቃሴ ግን አንድ አይደሉም። ስፖርት አጭር ነው፤ የልብን ምት ከፍ ያደርጋል፣ ከዚያም ሰውነት እንዲያገግም ዕረፍት ይሰጣል። የቤት ሥራ ረጅም ነው፤ አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ ለሰዓታት ይደጋግማል፣ ዕረፍቱንም የሚወስነው ሌላ ሰው ነው። ጎንበስ ብሎ ወለል መወልወል ወገብን ያደክመዋል እንጂ አያጠነክረውም፤ በአንድ እጅ ብረት መተኮስ ትከሻን ያስራል እንጂ አያፍታታም።

ስለዚህ ለእንዲህ ያለው ሠራተኛ የሚያስፈልገው ተጨማሪ ድካም ሳይሆን ሥራው የሚያዛባውን የሚያቀና እንቅስቃሴ ነው፦ የጀርባና የሆድ ጡንቻን ማጠንከር፣ ዳሌንና ትከሻን ማፍታታት፣ ከባድ ዕቃን በጉልበት ታጥፎ እንጂ በወገብ ጎንብሶ አለማንሣት። ጥሩ አሠልጣኝ ይህን ልዩነት ያውቃል። ለማዳሙም ለሠራተኛዋም ያንኑ የሩጫና የዝላይ መርሐ ግብር የሚያዝዝ አሠልጣኝ ግን ዐሥራ ሁለት ሰዓት ቆማ በዋለችው ሴት ላይ ድካም ይደርባል።

አሠልጣኝ የሚሰጠውና የማይሰጠው

ኢትዮጵያውያን የአሠልጣኝን ዋጋ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልጋቸውም። ሻምበል አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ በባዶ እግሩ ሮጦ ሲያሸንፍ ዓለም ያየው ጫማ አለማድረጉን ነበር። ከጀርባው ግን ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ነበር። በቆጂም ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን የመሰሉ ሯጮችን ያፈራችው በአየሯና በዳገቷ ብቻ አይደለም፤ ልጆቹን ከትምህርት ቤት ሜዳ ጀምሮ ያሠለጠናቸው መምህር ስንታየሁ እሸቱ ነው። ተሰጥዖ ያለው ሰው እንኳ የሚያየውና የሚያርመው ዓይን ያስፈልገዋል።

ጥናትም ይህን ይደግፋል። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት 20 ወጣት ወንዶችን ለ12 ሳምንታት ክብደት አሠርቷል። ሁሉም ተመሳሳይ መርሐ ግብር ነበራቸው፤ ልዩነቱ አንደኛው ቡድን አሠልጣኝ በአጠገቡ ቆሞ ሲከታተለው፣ ሁለተኛው ለብቻው መሥራቱ ነበር። ክትትል የተደረገለት ቡድን የበለጠ ጥንካሬ አገኘ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ብቻውን የሚሠራ ሰው የሚያነሣውን ክብደት ለመጨመር ይፈራል ወይም ይሰንፋል፤ አሠልጣኝ ያለው ግን በወቅቱ ይጨምራል። እርግጥ ጥናቱ ትንሽ ነው፣ የተሳተፉትም ወጣት ወንዶች ብቻ ናቸው። ቢሆንም የአሠልጣኝ ጥቅም የት ላይ እንዳለ ያመለክታል፤ እንቅስቃሴን በትክክል ማስተማርና ጭነትን ደረጃ በደረጃ መጨመር ላይ ነው።

አሠልጣኝ የማይሰጠውም አለ። በሳምንት ሦስት ሰዓት ከደንበኛው ጋር ቢሆን እንኳ የቀሩት 165 ሰዓታት የደንበኛው ናቸው። ሌሊት ስልክ ሲታይ የሚያልፈውን እንቅልፍ፣ በቀን አራትና አምስት ጊዜ በስኳር የሚጠጣውን ሻይ፣ ከእኩለ ሌሊት በፊት የሚበላውን ማጅቡስ አሠልጣኝ ሊከለክል አይችልም። ክብደት መቀነስ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚያየው መዝገብ የጂሙን ሳይሆን የማዕዱን ነው።

ሒሳቡ ሲሠራ

የኩዌት የቤት ሠራተኞች ሕግ፣ ማለትም የ2015ቱ ሕግ ቁጥር 68፣ ከወጣ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2016 በተላለፈ ውሳኔ የቤት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ 60 ዲናር ሆኖ ተደንግጓል። አሁን አንድ አሠልጣኝ ለአንድ ሰዓት 10 ዲናር ጠየቀ እንበል። በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በወር ዐሥራ ሁለት ጊዜ ማለት 120 ዲናር ነው፤ የሕጉ ዝቅተኛ ደመወዝ እጥፍ። በዚህ ዋጋ የግል አሠልጣኝ ወር ከወር መያዝ ለዚህ ሠራተኛ የማይሞከር ነው። ደመወዙ ከዚህ ሁለትና ሦስት እጥፍ ለሆነ ሾፌር ወይም የሱቅ ሠራተኛም ቢሆን ለአገር ቤት የሚላከውን ገንዘብ መብላቱ አይቀርም።

ሒሳቡ ግን በሌላ መንገድ ሊሠራ ይችላል። አራት ጓደኛሞች አንድ አሠልጣኝ ለስድስት ክፍለ ጊዜ ቢቀጥሩ፣ በዚያው ዋጋ ጠቅላላው 60 ዲናር፣ የእያንዳንዳቸው ድርሻም 15 ዲናር ይሆናል። ይህ ለአንድ ጊዜ የሚወጣ ነው። በስድስቱ ክፍለ ጊዜ አራቱ ሰዎች አቀማመጣቸውን፣ አተነፋፈሳቸውን፣ ዕቃ አነሣሣቸውንና ለብቻቸው የሚቀጥሉበትን መርሐ ግብር ይማራሉ። በኋላም አንዱ የሌላው አራሚ ይሆናል። እንደ መንጃ ፈቃድ ትምህርት ነው፤ ሰው መንዳት ለመማር አስተማሪ ይቀጥራል እንጂ ዕድሜውን ሙሉ አስተማሪን በጎኑ አስቀምጦ አይነዳም።

«ዩቲዩብ ሞልቶ ሳለ ለምን ይከፈላል?» የሚሉም አሉ። ቪዲዮ እንቅስቃሴውን ያሳያል፤ የሚመለከተው ሰው ጉልበት ወደ ውስጥ መታጠፉን ግን አያይም። መሠረቱን ከባለሙያ የተማረ ሰው ከዚያ በኋላ ከቪዲዮ ብዙ ይጠቀማል፤ ያልተማረ ግን ስሕተቱን እየደጋገመ ያጸናዋል።

ከጥቂት ትምህርት በላይ የሚያስፈልጋቸው

የስኳር ሕመምተኛ፣ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ፣ የልብ ሕመም ታሪክ ያለው፣ የዲስክ መንሸራተት የደረሰበት፣ በቅርቡ የወለደች ሴት ወይም ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው ከአሠልጣኝ በፊት ሐኪም ማየት ይገባዋል። ሐኪሙ ከፈቀደ በኋላ የሚቀጠረው አሠልጣኝ ስለ ሕመሙ የሚያውቅ መሆን አለበት። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ሳይዘጋጅ ጠንክሮ ቢሠራ ስኳሩ በድንገት ሊወርድ ይችላል፤ የደም ግፊት ያለበት ሰው ትንፋሹን ይዞ ከባድ ክብደት ቢያነሣ ግፊቱ ይንራል። ለእነዚህ ሰዎች ክትትል ቅንጦት ሊባል አይችልም። ገንዘብ የሚቆጥቡ ከሆነም ከሌላ ነገር ላይ ይቆጥቡ።

ከመፈረም በፊት

አሠልጣኝ ለመቅጠር የወሰነ ሰው የአሠልጣኙን ክንድ ስፋት ሳይሆን ጥያቄውን ይመዝን። ጥሩ አሠልጣኝ በመጀመሪያው ቀን የሚጀምረው ክብደት በማሸከም ሳይሆን በመጠየቅ ነው፦ ሲንቀሳቀሱ ደረት ይወጋል ወይ? ማዞር ወይም ራስን መሳት አለ ወይ? የሚወሰድ መድኃኒት አለ ወይ? የሚያም መገጣጠሚያ አለ ወይ? ሥራው ምንድን ነው፣ እንቅልፉስ ስንት ሰዓት ነው? ይህን ሳይጠይቅ «እንጀምር» የሚል ሰው የሚያሠለጥነው ሰውነትን ሳያውቅ ነው።

የሥልጠና ማስረጃውም ይታይ። ዕውቅና ያላቸው ተቋማት የሚሰጡት ማስረጃ ቁጥር ያለው በመሆኑ ትክክለኛነቱን ከሰጪው ተቋም ማረጋገጥ ይቻላል፤ የውድድር ሜዳሊያ ግን የማስተማር ብቃት ማስረጃ አይደለም። የመኖሪያ ፈቃዱም ዝም ተብሎ የሚታለፍ ጉዳይ አይደለም። በኩዌት ሕግ የውጭ ዜጋ ያለ ፈቃድ ከከፊሉ ውጭ ለሌላ ሰው መሥራት አይፈቀድለትም። በቤት ሠራተኛ ኢቃማ ያለ ሰው በትርፍ ሰዓቱ ገንዘብ ተቀብሎ ቢያሠለጥን ራሱን ለአደጋ ያጋልጣል፤ ደንበኛውም ገንዘቡን ተበልቶ የሚከስበት መንገድ አያገኝም። ፈቃድ ባለው ጂም ውስጥ፣ ደረሰኝ እየተቀበሉ መሠልጠን የተሻለ ነው።

ለሴቶች ቦታው ከሰዓቱ እኩል ይመዘናል። ለሴቶች ብቻ የተለዩ ጂሞችና ሰዓቶች በኩዌት ስላሉ፣ ሒጃቧንና ክብሯን ጠብቃ ከሴት አሠልጣኝ ጋር መሥራት የምትፈልግ እኅት ምርጫ አላት። ማንነቱ ያልታወቀ አሠልጣኝ ብቻዋን ወደምትኖርበት ክፍል እንዲመጣ መፍቀድ ወይም «ለውጥሽን ልይ» እያለ የሰውነት ፎቶግራፍ እንድትልክለት ለሚጠይቅ ሰው መላክ ፈጽሞ አይገባም።

ኪኒንና መርፌ የሚሸጥ አሠልጣኝን መራቅ ያስፈልጋል። ሲቡትራሚን የተባለው የማክሻ መድኃኒት የልብና የአንጎል ደም ሥር አደጋ በማስከተሉ እ.ኤ.አ. በ2010 ከአሜሪካና ከአውሮፓ ገበያ ወጥቷል፤ ከዚያ በኋላም «ከዕፅዋት ብቻ የተቀመመ» በተባሉ የማክሻ ኪኒኖች ውስጥ ተደብቆ በተደጋጋሚ ተገኝቷል። የጡንቻ ማሳደጊያ ሆርሞን መርፌም ልብን፣ ጉበትንና የመውለድ አቅምን ይጎዳል። በዚህ ረገድ ወጣት ወንዶች ልዩ ፈተና አለባቸው። ግብፃዊው ማምዱህ ኤልስቢያይ ዓሣ አስጋሪ ሆኖ ወደ ኩዌት መጥቶ፣ በኦክስጅን ጂም ሠልጥኖ፣ «ቢግ ራሚ» በሚል ስም እ.ኤ.አ. በ2020 እና በ2021 የሚስተር ኦሎምፒያ አሸናፊ ሆኗል። ታሪኩ ስደተኛውን ወጣት ቢማርክ አይገርምም። ነገር ግን ያ የውድድር ሙያ ነው፤ ከሺህ አንዱ የሚደርስበት። ጤናውን የሚፈልግ የፈርዋኒያ ሠራተኛ ግቡ ሌላ ነው፤ አሠልጣኙም ይህን ለይቶ ሊያውቅለት ይገባል።

ከሁሉ በላይ ከመጀመሪያው ቀን ጀግንነት መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ለወራት ያልተንቀሳቀሰ ሰው በአንድ ቀን ከአቅሙ በላይ ሲሠራ፣ በተለይ በሙቀትና ውኃ በጠማው ሰውነት፣ የጡንቻ ሕዋሳት ፈርሰው ወደ ደም ሊገቡና ኩላሊትን ሊጎዱ ይችላሉ። ከከባድ ሕመምና ዕብጠት ጋር ሽንት እንደ ሻይ ከጠቆረ በቶሎ ሆስፒታል መሄድ ግድ ነው። ደንበኛው ሲያስታውክ «ጥሩ ሠርተሃል» የሚል አሠልጣኝ ሊሸሹት የሚገባ ነው።

ያለ አሠልጣኝም መንገድ አለ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ በተጨማሪም በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ ይመክራል። 150 ደቂቃ በአምስት ቀን ሲካፈል በቀን 30 ደቂቃ ነው። ፈጠን ያለ እርምጃ ይበቃል፤ መመዘኛውም ቀላል ነው፦ ማውራት የሚቻልበት፣ መንዜማ ማዜም ግን የማይቻልበት ፍጥነት።

ከኅዳር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ የኩዌት አየር ለዚህ የተመቸ ነው። በባሕረ ሰላጤው ጎዳና ዳር ያለው የእግረኛ መንገድ፣ በመዲናዋ መካከል ያለው የአል-ሸሂድ ፓርክ መራመጃ፣ በሚሽሪፍና በሌሎች ሰፈሮች «ማምሻ» የሚባሉት መንገዶች ያለ ክፍያ ክፍት ናቸው። በበጋው ሙቀት ደግሞ እንደ አቬኒውስ ባሉ ትልልቅ የገበያ ማዕከላት ውስጥ ብዙ ሰው ሲራመድ ይታያል፤ የገዛ ሳይሆን የተራመደ የሚያተርፍበት ገበያ ነው። ከቤት መውጣት የማትችል ሠራተኛም ከወንበር ላይ ቀስ ብሎ መነሣትና መቀመጥን፣ በግድግዳ ላይ ፑሽ አፕን፣ ውኃ የተሞላ ጠርሙስ ማንሣትን በክፍሏ ውስጥ በዐሥር ደቂቃ ልትሠራ ትችላለች። በረመዷን ከባድ ሥራ በቀን ማድረግ ተገቢ አይደለም፤ ከኢፍጧር ጥቂት ቀደም ብሎ ቀላል እርምጃ ወይም ከምግቡ በኋላ ሰውነት ሲረጋጋ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይበቃል። መድኃኒት የሚወስድ ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር።

የአሠሪውና የማኅበረሰቡ ድርሻ

ጉዳዩን በሠራተኛው ጫንቃ ላይ ብቻ መጣል ፍትሐዊ አይሆንም። ያው የ2015ቱ ሕግ የሥራው ሰዓት በቀን ከ12 እንዳይበልጥ፣ ሠራተኛውም ሳምንታዊ የዕረፍት ቀን እንዲኖረው ይደነግጋል። የዕረፍት ቀኗን ያላገኘች ሴት ስለ አሠልጣኝ ማውራት ትርፉ ምንድን ነው? የመጀመሪያው የጤና እርምጃ የተደነገገው ዕረፍት መከበሩ ነው። ይህም ለአሠሪው ኪሳራ አይደለም፤ ወገቧ የማያማት ሠራተኛ ለቤቱም ትጠቅማለች።

ማኅበረሰቡም ከአዲስ አበባ የሚማረው አለ። በመስቀል አደባባይ ደረጃዎች ላይ ንጋት ላይ ተሰብስቦ የሚሠራው ሕዝብ እያንዳንዱ የግል አሠልጣኝ የለውም፤ አንድ የሚመራ፣ ብዙ የሚከተል ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የተጀመረው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያም ሰውን ወደ ጎዳና ያወጣው በኅብረት ነው። በኩዌት ያሉ የመረዳጃ ዕድሮችና የጓደኛሞች ስብስቦች በዓርብ ቀን አንድ ብቁ አሠልጣኝ በጋራ ቢቀጥሩ፣ ለወንዶች በአንድ ቦታ፣ ለሴቶች በሌላ ቦታ፣ ለአንዱ የማይቻለው ለሃምሳው ይቻላል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የተባለው ለዚህም ይሠራል።

እንግዲህ ውሳኔው በሦስት ጥያቄ ይቋጫል፦ ሕመም አለ ወይ? መሠረቱን የሚያስተምር ሰው አስፈላጊ ነው ወይስ ትጋት ብቻ ነው የጎደለው? ዋጋውስ ከጓደኛ ጋር ሊካፈሉት ይቻላል? ሕመም ያለበት ሐኪምን፣ ከዚያም ባለሙያን ይያዝ። ዕውቀት የጎደለው ለጥቂት ጊዜ በኅብረት ይማር። ትጋት የጎደለው ግን ዲናሩን በኪሱ ይዞ፣ ነገ ከፈጅር ሶላት በኋላ ጫማውን ያጥልቅ፤ ትጋትን ተከራይቶ የሚያቆይለት አሠልጣኝ አያገኝም።